እንድሪያስ ሒሳብ ማንበብ ሲማር

ባለቤቴ እንድሪያስ መምህር ሊሆን ነው ብዬ ለሰው ማውራት ካቆምኩ ሰነባበትኩ። መጀመሪያ ላይ አፌን ሞልቼ ነበር የማወራው። ጁባ፣ ኮሎሎ መንገድ ላይ ያለችው ጸጉር ቤቴ የገባች ደንበኛ ሁሉ ጸጉሯ ሳይታጠብ የእንድሪያስን ወሬ ትሰማ ነበር። በኋላ ግን "መምህሩ እንዴት ነው ፀደንያ?" ሲሉኝ "ደህና ነው፣ ይማራል" እልና የጸጉር ማድረቂያውን ካስክ ራሳቸው ላይ እደፋዋለሁ። ካስክ ውስጥ የተቀመጠች ሴት ብዙ አትጠይቅም።

እንድሪያስ የሆሳዕና ልጅ ነው። ጁባ ከመጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ዘጠኙን ያሳለፈው ቶንፒንግ ሰፈር፣ ጋሽ ገብረመድኅን ሆቴል፣ ጄኔሬተር ሲጠግን ነው። ሒሳብ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። ተማሪ እያለ የክፍሉ ልጆች የቤት ሥራ የሚገለብጡት ከእሱ ነበር ይላል፤ እኔም አምነዋለሁ፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ገበያ ስንወጣ ነጋዴው ካልኩሌተሩን ሳያወጣ እሱ መልሱን ይናገራል። ታዲያ ቶንፒንግ የመስመር መብራት ሲገባ ያ ሌት ተቀን ሲጮህ የኖረው ጄኔሬተር በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ መነሳት ጀመረ። እንድሪያስም አብሮት ሥራ ፈታ።

በዚያው ዓመት፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ በቤተ ክርስቲያናችን እንደ ልማዳችን የዓመት ቃል አወጣን። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ቅርጫት ውስጥ የተጠቀለሉ ትንንሽ ካርዶች አሉ፤ እያንዳንዱ ላይ አንዲት ጥቅስ ተጽፋለች። ሰው ሁሉ አንድ አንድ ያነሳል፤ የደረሰችው ጥቅስ የዓመቱ ቃሉ ናት። ለእኔ ስለ ትዕግሥት ወጣልኝ። በየዓመቱ ስለ ትዕግሥት ነው የሚወጣልኝ፣ ከማን ጋር እንደምኖር የሚያውቅ አውቆ ያስቀመጠልኝ ነው የሚመስለኝ። እንድሪያስ ግን የራሱን ገለጥ አድርጎ አየና ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ጌታ መምህር እንድሆን ተናግሮኛል!" ብሎ መሰከረ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እልል ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት መምህራን ማሰልጠኛ ተመዘገበ። ሰፈራችን ኮር ዊሊያም ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤትም ሥልጠናህን ስትጨርስ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያንተ ነው አለው።

ግራ መጋባቱ የጀመረው ማዳም ሉብና ጋ ሲደርስ ነው። ማዳም ሉብና የማሰልጠኛው አስተማሪ ናት፤ ካርቱም ያደገች የጁባ ሴት፣ በዕድሜ ከእሱ የምታንስ፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ። የምታስተምረው ኮርስ ስሙ ረጅም ነው፤ ባጭሩ ግን ማንበብና መጻፍ በሁሉም የትምህርት ዓይነት ውስጥ እንዴት እንደሚሰጥ ነው። ሳይንስ የሚያስተምረው ሳይንስ እንዴት እንደሚነበብ፣ ሒሳብ የሚያስተምረውም ሒሳብ እንዴት እንደሚነበብ አብሮ ያስተምር ትላለች።

"ፀዲ፣ እኔ እኮ የሒሳብ ሰው ነኝ" አለኝ የመጀመሪያው ቀን እንደመጣ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። "ንባብ የእንግሊዝኛ አስተማሪው ሥራ አይደለም እንዴ?"

"ነው እንጂ" አልኩት።

"እሷ አይደለም ትላለች።"

"ለምን?"

"እሱን ብትነግሪኝ ደስ ይለኝ ነበር።"

እኔ ምኑን ልንገረው? እኔ የማውቀው ጸጉር ነው። ብቻ ሰውዬው በየቀኑ ትልልቅ ወረቀት ጠቅልሎ ይመጣና አልጋው ላይ ይዘረጋል፤ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተሳሉ ሳጥኖችና ቀስቶች። ከማንበብ በፊት፣ በማንበብ ጊዜ፣ ካነበቡ በኋላ። አንድ ቀን "ካነበቡ በኋላ ምን ይደረጋል?" ብዬ ብጠይቀው ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ "ያነበቡትን ያስባሉ" አለኝ። "ሲያነቡ አያስቡም እንዴ?" ስለው ወረቀቱን ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተተው። ያን ቀን እኔም ራሴን አመመኝ።

ፈተናው ደግሞ እንዲህ ነው። በዚያው በኮር ዊሊያሙ ትምህርት ቤት ሦስት ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፤ ማዳም ሉብና ከኋላ ተቀምጣ ታየዋለች። ከሦስቱ ቢያንስ በአንዱ ብቁ ካልተባለ ዓመቱን ይደግማል። ትምህርት ቤቱ ግን ዓመት አይጠብቅም፣ ቦታውን ለአንድ ኡጋንዳዊ መምህር እንደሚሰጥ በግልጽ ነግሮታል። ከዚያ በኋላ እንድሪያስ ጄኔሬተር በሌለበት ከተማ ጄኔሬተር ጠጋኝ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። እኔ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ደግሞ ፈርቶ አልፈራሁም ይላል።

የመጀመሪያውን ቀን "ንባብ ነው የምትፈልገው? አሳያታለሁ" ብሎ ወጣ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ልጆቹን የሒሳብ መጽሐፍ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደረጋቸው። እየተነሱ አነበቡ፣ በኅብረት አነበቡ፣ ገጽ ቁጥሩን ሳይቀር አነበቡ። አንዲት ሒሳብ አልተሠራችም። ማዳም ሉብና ወረቀቷ ላይ "ሒሳብ የት አለ?" ብላ ጽፋ ሰጠችው።

በሁለተኛው ቀን ተናዶ ስለነበር ንባቡን ለራሱ አደረገው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ እርስ በርስ በጁባ ዓረብኛ ነው የሚያወሩት። እሱ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ያነባል፣ በዓረብኛ ይተረጉማል፣ ምን እንደሚደመር፣ ምን እንደሚቀነስ ይነግራቸዋል፣ እነሱ ይሠራሉ። አሥራ ሁለት ጥያቄ ተሠራ፤ አንድም አልተሳሳቱም። ደስ ብሎት ነበር። ማዳም ሉብና ግን "ያነበብከው አንተ ነህ። እነሱ አዳመጡ" ብላ ጻፈች።

"ባስነብብ ጥፋት፣ ባነብ ጥፋት!" አለኝ ጸጉር ቤቱ ውስጥ እየተንጎራደደ። "ምን ላድርግ? ልዝፈን?"

አንዲት ደንበኛ ካስኩን ቀና አድርጋ ልትሰማ ስትል መልሼ ደፋሁባት።

ሰኞ ቀን ሰው ስላልነበረ "በል እኔን አስተምረኝ፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ነኝ" አልኩትና የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ደስ አለው። አንድ የሳሙና ጥያቄ አወጣልኝ፦ በአንድ ካርቶን ይህን ያህል ሳሙና አለ፣ ሱቁ ይህን ያህል ካርቶን ገዛ፣ ይህን ያህሉ ተሰበረ፣ ስንት ቀረ። "አባዢና ቀንሺ" አለኝ።

"ለምን አባዛለሁ?"

"በአንድ ካርቶን ስለሚል።"

"በአንድ ካርቶን ሲል ለምን ይባዛል?"

"ስለሚባዛ ነዋ!"

"እንዴት አወቅህ?"

ዕድሜውን በሙሉ ሲሠራው የኖረውን ነገር እንዴት እንደሚሠራው ሊነግረኝ አልቻለም። ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ "አንቺ ሆን ብለሽ ነው" አለኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ሲለኝ አልወድም። እልህ ያዘኝና፣ ልብሱን ሳጥብ ከኮቱ ኪስ አግኝቼ መሳቢያዬ ውስጥ የደበቅኳትን የዓመት ቃሉን ካርድ አወጣኋት።

"እስቲ ይህንን አንብብልኝ" አልኩት። "ከዳር እስከ ዳር።"

አነበበ። ካርዷ የምትለው እግዚአብሔር ሰውየውን እንደሚያስተምረውና የሚሄድበትን መንገድ እንደሚያሳየው ነው። ሰውየው ያስተምራል የሚል የለበትም። እንድሪያስ ያን የእንቁጣጣሽ ቀን ከመሃል ማስተማር የምትለዋን ብቻ ለቅሞ ነው ዘሎ የመሰከረው። ያለ ጠባዩ አይደለም፤ የቤት ኪራይ ውል እንኳ ሲፈርም አንድ መስመር አይቶ ነው የሚፈርመው፤ ከሒሳብ ጥያቄም ቁጥሮቹን ነው የሚለቅመው።

ሁለት ጊዜ አነበባት። "ታዲያ እኔ የምማረው ነኝ ማለት ነው?" አለኝ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆነብኝ። እስቅበታለሁ ብዬ ነበር ያወጣኋት፤ ግን አሳዘነኝ፣ በራሴም አፈርኩ። እሱ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ እስከ ሐሙስ ድረስም ከሰላምታ በቀር አልተናገረኝም።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሐሙስ ነበር። የሆነውን የማወራው እሱ እንደነገረኝ ነው።

ገጽ ሃምሳ ስምንትን ሳምንቱን ሙሉ አጥንቷታል። እያንዳንዱን ጥያቄ፣ እያንዳንዱን መልስ፣ የትኛው ልጅ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ሳይቀር። ማዳም ሉብና ከኋላ ተቀመጠች፤ "ገጽ ሃምሳ ስምንት" አለ። አርባ ሦስት ልጆች አሉ፣ መጽሐፉ ለአራት አንድ ነው። ከአሥራ አንዱ መጽሐፍ በሰባቱ ላይ ገጽ ሃምሳ ስምንት የለም፤ ያለፈው ዓመት ልጆች ቀደው ወስደውታል።

"ኡስታዝ፣ ማፊ!" አሉት ከየአቅጣጫው። መምህር፣ የለም ማለታቸው ነው።

ምን ያድርግ? "ሃምሳ ዘጠኝ" አለ። ሃምሳ ዘጠኝን ዓይቷት አያውቅም። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ውሃ ታንከር ነበር። አንድ ታንከር ውሃ ይዞ ተነሳ። ለትምህርት ቤት ሦስት ሺህ ሊትር ሸጠ። ከቀረው ላይ ሲሶውን ለክሊኒክ ሸጠ። በመጨረሻ ሁለት ሺህ ሊትር ቀረው። ሲነሳ ስንት ሊትር ይዞ ነበር?

እንድሪያስ አንዴ አነበበና ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። ሦስት ሺህና ሁለት ሺህ አምስት ሺህ፤ ሲሶው ለክሊኒክ ከሄደ ይህ ሁለት ሦስተኛው ነው፤ ስለዚህ ሙሉው ሰባት ሺህ አምስት መቶ። ጻፈና በኩራት ዞረ። ከኋላ የምትቀመጥ አቤኒ የምትባል ረጅም ልጅ አለች፣ በሁለቱ ክፍለ ጊዜ ድምጿን ሰምቶት አያውቅም። እጇን አወጣች።

"ኡስታዝ፣ ውሃው አልመጣም።"

"እንዴት አልመጣም?"

"ከሰባት ሺህ አምስት መቶ ላይ ሦስት ሺህ ለትምህርት ቤት። አራት ሺህ አምስት መቶ ቀረ። የዚያ ሲሶ አንድ ሺህ አምስት መቶ። ሦስት ሺህ ይቀራል። መጽሐፉ ሁለት ሺህ ነው የሚለው።"

ሰሌዳውን አየ። መጽሐፉን አየ። "ፀዲ፣ ሁለታችንም ትክክል የሆንን መሰለኝ" አለኝ ሲነግረኝ። ዓይኑ ፊደሉ ላይ ነው፣ ግን አንድም ነገር አይገባውም። ማዳም ሉብና ከኋላ ትጽፋለች። የእሱ አስተማሪዎች ቢሆኑ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃል፤ ዝም በይ፣ ተቀመጪ፣ ሌላ ጥያቄ። በእኛ ዘንድ አስተማሪ ማለት የሚያውቅ ሰው ነው፤ በተማሪ ፊት አላውቅም ያለ አስተማሪ እንድሪያስም አይቶ አያውቅ፣ እኔም አላየሁ። ሰሌዳውን ለማጥፋት ዳስተሩን አንስቶ ነበር። ከዚያ ሳያስበው ከአፉ አመለጠው።

"አና ማ ፋሂም" አለ። አልገባኝም ማለቱ ነው።

አንዱ ከመስኮቱ በኩል ሳቀ። አቤኒ ግን አልሳቀችም። "ኡስታዝ፣ ከላይ ጀምር" አለችው።

ከላይ ጀመረ። አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቦ ይቆማል። "መጀመሪያ ማን ወሰደ?" ይላል፤ ሊፈትናቸው አይደለም፣ ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ትምህርት ቤቱ ይሉታል። ቀጣዩን ያነባል። "ሲሶው የምኑ ነው?" ይላል። ግማሾቹ የታንከሩ ነው አሉ፣ ግማሾቹ የቀረው ነው አሉ። ተጯጯሁ። አራት አራት ሆነው ራስ ለራስ እስኪጋጩ መጽሐፉ ላይ ተደፉ፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እየጎተቱ ይሄው እዚህ ጋ ይላሉ። አንዱ ጠመኔ ወስዶ ታንከር ሳለ፣ ጎማው ሳይቀር። ሌላው ጎማው ምን ያደርጋል ብሎ አጠፋበት። እንድሪያስ መሃል ቆሞ ወደ አንዱ ይዞራል፣ ወደ ሌላው ይዞራል። ደወሉ ሲደወል ሰሌዳው ላይ ትክክለኛው መልስ አልተጻፈም ነበር። ስድስት ሺህ ነው ብላ አቤኒ የነገረችው ውጭ፣ በሩ ላይ ነው።

ቤት ሲገባ ፊቱን አይቼ ደነገጥኩ። "በልጆች ፊት ተዋረድኩ" አለኝ። "በአርባ ደቂቃ አንዲት ጥያቄ! እሷንም አልጨረስኩ።" ስለ ሳሙናውም ስለ ካርዱም ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ግን አሁን ብናገር የባሰ ይመስለዋል ብዬ ሻይ አፍልቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሳይነግረኝ ቶንፒንግ ሄዶ ጋሽ ገብረመድኅንን ሥራ ጠየቃቸው። ጋሽ ገብረመድኅን ደግ ሰው ናቸው፣ ወንበር ስበው አስቀመጡት። "ልጄ፣ ጄኔሬተሩን እኮ ባለፈው ወር ሸጥኩት" አሉት። "ዕቃ ቤት ጠባቂ ግን እፈልጋለሁ። ቁልፍ መያዝ ነው፣ ብዙ አያስቸግርም። አስብበትና ንገረኝ።" ከዚያ ቀጥታ ወደ እኔ ጸጉር ቤት መጣ። ቆሞ ነገረኝ፤ "ዕቃ ቤት መጥፎ አይደለም፣ ሁሉም ነገር የት እንዳለ ይታወቃል" ሲለኝ ማልቀስ አማረኝ።

ስልኩ ጮኸ። ማዳም ሉብና የግምገማ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ልካለታለች። እንድሪያስ አየው። ቀረብ አድርጎ አየው። ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ እንደገና ከላይ ጀመረ።

"ምን ይላል?" አልኩት።

"ብቁ ይላል።"

እልል ልል አፌን ስከፍት በእጁ አስቆመኝ። "ቆይ፣ የሌላ ሰው ወረቀት ነው። ተሳስታ ነው የላከችው።" ስሙ አለበት፣ ቀኑ አለበት፣ እሱ ግን አላመነም። ደወለላትና የስልኩን ድምፅ ወደ ውጭ አድርጎ መስታወቱ ሥር አስቀመጠው።

"ኡስታዝ እንድሪያስ፣ ኢታ ከፍ?" አለች። ደህና ነህ ወይ ማለቷ ነው።

"ማዳም፣ ስህተት አለ። ትናንት እኔ አላስተማርኩም። ጥያቄው ጠፋብኝ። ልጆቹ ናቸው…"

"አውቃለሁ፣ እዚያው ነበርኩ" አለች በዚያ ዝግ ባለ ድምጿ። "መጀመሪያ ቀን አንብቡ ስላልካቸው አነበቡ። በሁለተኛው ቀን አንተ አነበብክላቸው። ትናንት አንብቡ ያላቸው ሰው የለም። አንዱን ጥያቄ ስምንት ጊዜ ደጋግመው ሲያነቡ ቆጠርኩ፣ አርባ ሦስቱም። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"አንተን ከገባህበት ለማውጣት ነው።"

እሷም ብዙ አልቆየችም፣ "ከለስ፣ አለቀ፣ ሰኞ ክፍልህን ትረከባለህ፣ ለርዕሰ መምህሩ ነግሬዋለሁ" ብላ ዘጋች። እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር፤ ፎጣ ስፈልግ አንዷ ደንበኛዬ የራሷን አቀበለችኝ። አቀፍኩት። ከሰኞ ጀምሮ ያልነገርኩትን ይቅርታ ሁሉ አንድ ላይ ነገርኩት። የሰማኝ አይመስለኝም። በትከሻዬ ላይ ወደ መስታወቱ እያየ ነው፣ ግንባሩ እንደተቋጠረ ነው።

"ፀዲ" አለኝ። "ሰኞስ?"

"ሰኞ ምን?"

"ሰኞ ጥያቄው ከገባኝ ምን ላደርግ ነው?"